የጣና ጓዝ

የባሕር ዳሩ ሐኪም አስናቀን ለብቻው ወደ ሆስፒታሉ ኮሪደር ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ እኛ ልናደርግላት የምንችለው ሕመሟን ማስታገስ ብቻ ነው። ቤቷ ብትሆን ይሻላታል» ያለው በመስከረም መጨረሻ ነበር። አስናቀ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርምና የካህናት ቀሚስ ሲሰፋ የኖረ፣ ወሬ የማይሆንለት ሰው ነው። የታዘዘላትን ማስታገሻ ሽሮፕ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ፤ ሚስቱን ደግፎ ከሆስፒታሉ ግቢ አወጣትና ወደ መናኸሪያ የሚወስዳቸው ባጃጅ አስቆመ።

ዝናሽ ባጃጁ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ፣ «ምን አለህ?» አለችው።

«እረፍት ያስፈልጋታል አለ።»

«እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ።» ፊቷን ወደ ውጭ መለሰች። በሕንጻዎቹ መሐል ውሃው ብልጭ ይልና ይጠፋል። «አስናቀ፣ ባሕር ዳር ስንት ጊዜ መጣን? ሁልጊዜ ከመናኸሪያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል መናኸሪያ። ልጆቹን ‹ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው› እያልሁ ሳስተምር ኖሬ፣ እግሬን እንኳ አልነከርሁበትም።»

«ባጃጁን ላዙረው? አሁን እንሂድ?»

«አይ፣ ዛሬ የሐኪም ቤት ሽታ አለብኝ። ለሱው ብለን እንመጣለን። ምግባችንን ይዘን፣ ምንጣፋችንን ይዘን፣ እንደ ሰው አንድ ቀን ተዝናንተን እንመለሳለን።»

«እሺ» አላት። ከልቡ ነበር ያላት።

ደብረ ታቦር ከተመለሱ በኋላ ዝናሽ ጥቂት ሻል አላት። ምግብ ቀመሰች፤ ጎረቤት ሲጠይቃት ቀና ብላ ማውራት ጀመረች። አንድ ቅዳሜ በትራስ ተደግፋ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ባሏን ሻንጣ አስወርዳ ታዝዘው ጀመር። አስተማሪ ናትና ማዘዝ ታውቅበታለች።

«መጀመሪያ ምንጣፍ። ሰሌኑን ተወው፣ ይወጋኛል። ያችን የፕላስቲኳን አምጣት። ጥላ። ኮፍያ። ላንተም ኮፍያ ያዝ፣ በዚያ ፀሐይ መላጣህ ይበስላል።»

«መላጣ የለኝም።»

«ከኋላህ ማን አይቶልህ!»

አስናቀ በእጁ ማጅራቱን ዳሰሰ። ዝናሽ ሳቀች፤ ስትስቅ ጎኗን ይዛ ነበር፣ ግን ሳቀች።

«ፎጣ። እርጥብ ልብስ የምንከትበት ፌስታል። ነጠላ ጫማዬ ከአልጋው ሥር አለ። ብርቱካን። ካርታ።»

«ካርታ ደግሞ ምን ይሠራል?»

«ሰው ውሃ ዳር ሄዶ ምን ያደርጋል? ይበላል፣ ይተኛል፣ ካርታ ይጫወታል። አንተ ደግሞ ሥራ ይዘህ እንዳትመጣ። መርፌና ክር እንዳላይ!»

አስናቀ ከኮሌታው ሥር የሰካትን መርፌ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። እሷም ሌላ ነገር አሰበች። ውሃው ውስጥ ምን ለብሳ ትግባ? ቀሚስ ከሆነ ውሃው ሽቅብ ይገልበዋል። የዋና ልብስ የሚባለውን ደግሞ በስልክ ላይ እንጂ በአካል አይታው አታውቅም፤ ብታገኘውም አትለብሰውም።

«እሱን ለኔ ተይልኝ» አላት።

በማግሥቱ ሱቁ ውስጥ ካሉት ብትን ጨርቆች ጥቂት ጥቂት ቀደደና አንድ በአንድ ሳፋ ውስጥ ነከራቸው። ነጩ ረጥቦ ገላ ያሳያል። ፖሊስተሩ ከቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥቁር ሰማያዊው ግን ውሃ ጠጥቶም ጨዋ ሆኖ ተገኘ። በሱ ሰፊ ሱሪና እጅጌ ያለው፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ ሸሚዝ ሰፋላት። ውሃው እንዳይገልበው የሱሪውን እግር ላስቲክ አስገባበት። ሲለካት ዝናሽ ክንዶቿን ዘርግታ መሐል ቤት ቆመች፤ ልኳን ከጋብቻቸው ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል፣ ሜትሩ የነገረው ግን ሌላ ነበር። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

የዝናሽ እናት እማማ ሙሉ ከጉና ተራራ ሥር ካለችው ከገሳይ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ድንችና የገብስ ዱቄት በጆንያ አሸክመው መጡ። ሻንጣው ከግድግዳው ተደግፎ ሲያዩት፣ «ሐኪም ቤት ተመልሳችሁ ልትሄዱ ነው?» አሉ። ነገሩ ሲነገራቸው ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። እማማ ሙሉ እንደ አገሩ ወግ አማቻቸውን አንቱ ነው የሚሉት፤ በተቆጡ ቁጥር አንቱታው ይበረታል።

«አቶ አስናቀ፣ ይህን እርስዎ ነዎት ያሰቡት? የታመመ ሰው ጸበል ይወሰዳል እንጂ ለጨዋታ ባሕር ይወሰዳል? ሰው ምን ይለናል? ልጅቱ ሞት አፋፍ ላይ ሆና…» ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ደነገጡ።

ዝናሽ ከአልጋው ላይ፣ «እማየ» አለቻቸው፣ «ጸበሉን ጠጥቻለሁ፤ ተጠምቄያለሁ። ስእለቱንም አንች ተስለሽልኛል። እግዜር የምንለውን ሁሉ ሰምቷል። አሁን አንድ ቀን ተይልኝ። አንድ ቀን ማንም ሳያለቅስልኝ ልዋል።»

እማማ ሙሉ ነጠላቸውን መልሰው ተከናነቡ። ወደ ጓሮ ወጡና ብቻቸውን ቆዩ።

ለጉዞው በቆረጡት ቀን ጎሕ ሲቀድ አስናቀ ሚኒባስ ሊያመጣ ወጣ። ሾፌሩ ባዩ የሰፈራቸው ልጅ ነው፤ ዝናሽ ራሷ ፊደል ያስቆጠረችው። ከመኪናው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አገኘው።

«በጸጥታው ነገር መንገድ ተዘግቷል፣ ጋሼ። ከወዲያ የመጣ መኪና የለም፣ ከዚህም የሚንቀሳቀስ የለም።»

«መቼ ይከፈታል?»

«እሱን የሚያውቅ ቢኖር እኔም በጠየቅሁት።»

አስናቀ ቤት ሲመለስ ዝናሽ ለብሳ፣ ኮፍያዋን ደፍታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቱን ስታይ ገባት። ኮፍያዋን ግን አላወለቀችም።

«ምንጣፉን ግቢ አንጥፈው» አለችው።

ግቢ ውስጥ አነጠፉት። የተጋገረውን ዳቦ ቆርሰው በሉ፤ ብርቱካኑን ላጡ፤ ዝናሽ በካርታ ሁለቴ አሸነፈችው። ከሰዓት በኋላ ከጉና በኩል ጥቁር ደመና መጣና በረዶ አወረደባቸው። ምንጣፉን እንዳለ በአራት ማዕዘኑ ይዘው እየሮጡ ቤት ገቡ። የሮጡት አስናቀና እማማ ሙሉ ናቸው፤ ዝናሽ ደጃፉ ላይ ደርሳ ግድግዳውን ይዛ ቀረች። ከዚያች ቀን በኋላ ያለ ድጋፍ ከቤት አልወጣችም።

መንገዱ የተከፈተው በኅዳር ነው። ሻንጣው እንደገና ተዘረገፈ። ነጠላ ጫማው ወጣ፣ እግሯ አብጦ አይገባላትም። ካርታውን አስናቀ ሊከት ሲል፣ «ይቅር፣ እጄ ይዝላል» አለችው። በምትኩ ትራስ ገባ። ሰማያዊውን ልብስ በሁለቱም ጎን ፈትቶ አጠበበው። ቶሎ እንዲፈታ አድርጎ ሰፍቶት ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ራሱን አልጠየቀም።

እማማ ሙሉ ያን ጊዜም ደስ አላላቸውም። ልጃቸውን ብቻዋን ላለመስደድ ግን ተሳፈሩ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዝናሽ፣ «እማየ፣ ቆላ እኮ ነው የምንወርደው፤ ጋቢ ምን ይሠራልሻል?» ብትላቸው፣ «የሰውን አገር ብርድ ማን ያውቀዋል» አሏት።

አለም በርን አልፈው ወደ ፎገራ ቁልቁል ከሚወስደው ጠመዝማዛ ሲደርሱ፣ ፊት የነበሩት መኪኖች መዞር ጀመሩ። ባዩ ወርዶ ጠያይቆ ተመለሰ። ወደ መቀመጫው አልወጣም፤ በዝናሽ በኩል ያለውን በር ከፍቶ ቆመ።

«ቲቸር፣ ከወረታ ወዲያ አያሳልፉም አሉ። ምን ላድርግ?»

«አንተ ምን ታደርጋለህ፣ ልጄ» አለችው። «ትንሽ ብቻ አቁምልኝ።» ባዩ በሩን ዘጋላት።

ከዚያ ቦታ ሜዳው በሙሉ ይታያል። የሩዙ ማሳ ቢጫ ሆኗል፤ ከሜዳው ማዶ፣ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ቀጭን ነጭ ነገር ተጋድሟል። ዝናሽ ግንባሯን ከመስተዋቱ ላይ አሳርፋ እሱን አየች። አስናቀ ደግሞ ማጅራቷን ያያል፤ አንገቷ ከመቅጠኑ የተነሣ የማተቧ ክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ ዞረው እስኪያልቁ ባዩ አልተንቀሳቀሰም።

ቤት ሲደርሱ እማማ ሙሉ አስናቀን ወደ ጓዳ ጠሩት።

«ሦስተኛው መቅረት የለበትም» አሉት። ዓይናቸው ቀልቷል። «እንዴት አድርጋ ታየው እንደነበር አይተዋል? ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ነገር ለምናኝ አታውቅም። እኔም ከለከልኋት።»

«እርስዎ አልከለከሏትም፣ እማማ። መንገዱ ነው።»

«በልቤ ከልክያለሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሻንጣውን የሚያዘጋጁት እሳቸው ሆኑ። ቆሎ ቆሉ። መንገድ ተከፈተ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ድንች ቀቅለው ይጠብቁ ነበር። ዝናሽ አሁን ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ ሽሮፑ ያስተኛታል፣ ሲለቃት ደግሞ ጥርሷን ነክሳ ጣራውን ታያለች። አስናቀ ልብሱን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያጠብበው አልለካትም። እንቅልፍ ላይ ሳለች አጠገቧ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ለካትና ሰፋ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ባዩ በሩን አንኳኳ። «ነገ ይከፈታል እያሉ ነው፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ነገውኑ ካልሄድን…»

ያን ምሽት አስናቀ ሻንጣው ውስጥ የሚስቱን መድኃኒት ሊያስቀምጥ ዕቃውን አወጣ አወጣ አደረገ። ትራሱ፣ ፎጣዎቹ፣ እንደ ሕፃን የሚታሰርላት ዳይፐር፣ ድንቹ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ከሁሉ ሥር እጁ አዲስ ጨርቅ ነካ። አቡጀዲ ነው፣ ገና ያልታጠበ። እናቷ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ልጃቸው በሰው አገር ያለ መገነዣ እንዳትቀር ብለው ነው የከተቱት። አስናቀ ጨርቅ ሲነካ የኖረ ሰው ነውና ውፍረቱን በጣቶቹ መሐል አሸት አሸት አደረገው። ጥሩ አቡጀዲ ነው። አጣጥፎ ወደነበረበት መለሰው። ቀና ሲል እማማ ሙሉ ከበሩ ቆመው ያዩታል።

መንገዱ ክፍት ነበር። ዝናሽ ራሷን ባሏ ጭን ላይ አድርጋ ወረታን ተኝታ አለፈች፣ ሐሙሲትንም ተኝታ አለፈች። ባሕር ዳር ሲገቡ ሙቀቱ ቀሰቀሳት። ባዩ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሰው የማይበዛበት፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ውሃው ላይ ካጎነበሰበት ዳርቻ አቆመላቸው። «እኔ መኪናው ዘንድ ነኝ» አለና ራቅ አለ።

ምንጣፉን ከጥላው ሥር አነጠፉ። ውሃው ያን ያህል ሰማያዊ አልነበረም፤ ጭቃማ ነው፣ ዳር ዳሩን ደንገል በቅሎበታል። አንድ ሰው በታንኳ ላይ ቆሞ መረብ ይስባል። ነጫጭ ትልልቅ ወፎች መረቡን ተከትለው ይዋኛሉ። ዝናሽ በጎኗ ተኝታ ሁሉንም አየች።

«ልግባ» አለች።

እማማ ሙሉ በነጠላቸው ከልለው ሰማያዊውን ልብስ አለበሷት። ልብሱ እንደገና ሰፊ ሆኖባት ነበር። አስናቀ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አቀፋትና ወደ ውሃው ገባ። «አውርደኝ፣ በእግሬ» አለችው። አወረዳት። እናቷ በግራ፣ እሱ በቀኝ ብብቷን ይዘው አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላውን አራመዷት። የታችኛው ጭቃ ያሟልጫል። ድንገት ጉልበቷ ከዳትና ወደፊት ተደፋች።

«አስናቀ! ያዛት፣ ልጄ፣ ያዛት!» ብለው እማማ ሙሉ ጮኹ። ከጋብቻው ወዲህ በስሙ ብቻ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው፤ እሳቸው ግን ያሉትን አልሰሙትም። ልጃቸውን ለመያዝ ከነቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ገብተዋል።

አስናቀ ያዛት። ውሃው ውስጥ ተቀመጠና ከፊቱ አስቀመጣት፣ ጀርባዋን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሸሚዟ ውሃ ሞልቶ ተነፋ። ዝናሽ እጆቿን ለቀቀቻቸው፤ ከፊቷ ተንሳፈፉ።

«አይከብደኝም» አለች።

«ሕመሙ ጠፋልሽ?»

«አለ። ግን እሱም ተንሳፈፈ።»

እናቷ ውሃውን በእፍኛቸው እየቀዱ ጸጉሯን አጠቡላት። ከመድኃኒቱ በኋላ አጭር ሆኖ የበቀለ፣ የሕፃን የመሰለ ጸጉር ነው። የሆነ ነገር እያጉረመረሙ ነበር፣ ጸሎትም ይሁን እሹሩሩ አስናቀ አልለየውም። ንፋስ ተነሥቶ ትናንሽ ሞገዶች እየመጡ ደረቷን ይመቷት ጀመር።

«አስናቀ፣ አንድ ተማሪ ‹ቲቸር፣ ሐይቅ ማዕበል አለው?› ብሎ ጠይቆኝ የለውም ብየዋለሁ።» ተነፈሰች። «አለው ለካ።»

ሲያወጧት ነው ለእማማ ሙሉ ቅያሪ ልብስ አለመያዙ የታወቀው። ለዝናሽ ሁሉም ተይዟል፣ ለሳቸው ማንም አላሰበም። በዚያ በሚያነደው ፀሐይ ውስጥ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ በዚያችው ጋቢ ተጠቀለሉ። ዝናሽ አየቻቸውና መሳቅ ፈለገች፤ ድምፅ ግን አልወጣላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። እናቷም አብረዋት ሳቁ፣ እየሳቁም እንባቸው ወረደ። «አታለቅሽም ተባብለን አልነበረም?» አለቻቸው ዝናሽ። «ውሃው ነው» አሉ።

ምግቡን አልቻለችውም። አስናቀ ብርቱካን ልጦ አንዷን ክፋይ ከንፈሯ ላይ ጨመቀላት። ከዚያ ተኛች። ቀኑን ሙሉ ነው ማለት ይቻላል የተኛችው። እሱ ጥላውን ፀሐዩን እየተከተለ ሲያዞርላት፣ እናቷ ዝንብ ሲከላከሉላት ዋሉ። ምንም አልሠሩም። አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ ውሃውን አየችና፣ «ገና ነን?» አለች።

«ገና ነን» አላት።

መልሳ ተኛች። ባዩ መጥቶ መንገዱ ሳይዘጋ እንመለስ እስኪል ድረስ እዚያው ነበሩ።

ዝናሽ የገና ሰሞን አረፈች፤ በቤቷ፣ በአልጋዋ ላይ፣ ጠዋት። ተማሪዎቿ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በሰልፍ ቀበሯት። ከዩኒፎርሞቹ አብዛኞቹን የሰፋው አስናቀ ነው፤ በቀብሩ ላይ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሞ የልጆቹን ሱሪ ጫፍ ሲያይ ነበር። አላለቀሰም። ሰው ታዘበው። ሱቁን ከፈተ፤ ደንበኛ ሲመጣ ይለካል፣ ይሰፋል፣ ይሰጣል።

እማማ ሙሉ አርባዋን አውጥተው ገሳይ ሊመለሱ ሲሉ ሊሸኛቸው አብሯቸው ሄደ። ማሳቸው ውስጥ ሳይቆፈር የቀረ ድንች ነበር። ልጃቸውን ሲያስታምሙ ጊዜው አልፎበታል፤ የተወሰነውም መሬት ውስጥ በስብሷል። አስናቀ ኮቱን አውልቆ መቆፈሪያውን አነሣ።

«ይተውት፣ ባለ እጅ ነዎት፣ ጣትዎ ይጎዳል» አሉት።

«ግዴለም» አለ።

እሱ ይቆፍራል፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ከጉና የሚወርደው ንፋስ ፊት ይገርፋል። ጤነኛውን ወደ ጆንያ፣ የበሰበሰውን ወደ ጎን እየጣሉ እስከ ማሳው አጋማሽ ድረስ ደረሱ። እዚያ ላይ አስናቀ መቆፈሪያውን እንደያዘ ቆመ። ማንሣት አቃተው። ትልሙ ውስጥ ተቀመጠ፤ ከውስጡ የወጣው ድምፅ ለራሱም እንግዳ ነበር። በማዶ የሚያልፉ መንገደኞች ቆመው ሰሙት።

እማማ ሙሉ የያዙትን ድንች ጣሉ። መጥተው አጠገቡ፣ አፈሩ ላይ ተቀመጡና በጭቃማ እጃቸው ራሱን ወደ ትከሻቸው ሳቡት። «አልቅስ» አሉት። «እኔም ብቻዬን ማልቀሱ ሰለቸኝ።»